ንድፉ ከሽመናው የሚቀድም ጨርቅ፡ ኢካት በደቡብ ምሥራቅ እስያ

ከኢንዶኔዥያ ደሴቶች አንሥቶ እስከ ካምቦዲያና ላኦስ ድረስ በሚኖሩ በርካታ ሕዝቦች ዘንድ ለዘመናት ሲሠራበት የቆየው የኢካት ጥበብ ከሌሎች የጨርቅ ሥራዎች የሚለይበት አንድ ዐቢይ ጠባይ አለው። ይኸውም የጨርቁ ንድፍ ተሠርቶ የሚያልቀው ሸማኔዋ ሽመናውን ከመጀመሯ በፊት መሆኑ ነው።

በተለመደው አሠራር ጨርቅ ጌጡን የሚያገኘው በሽመና ወቅት ወይም ከሽመና በኋላ ነው። ባለሙያው በድሩ መካከል ባለቀለም ክር እያስገባ ጥበብ ይጥላል፤ አለዚያም ተሸምኖ ያለቀው ጨርቅ ይጠለፋል፣ ይነከራል ወይም ይታተምበታል። በኢካት ግን ፈረሱም፣ አዞውም፣ ኮከቡም፣ ሐረጉም ገና ባልተሸመነው ክር ላይ በማሰርና በመንከር ይቀመጣል። "ኢካት" የሚለው ስያሜም ከማላይ ቋንቋ የተገኘ ሲሆን ትርጉሙ "ማሰር" ማለት ነው።

ሥራው የሚጀምረው ክሩን በእንጨት መወጠሪያ ላይ በመዘርጋት ነው። ክሮቹ በትናንሽ እስር ይከፋፈላሉ። ባለሙያዋ ቀለም እንዳይነካቸው የምትፈልጋቸውን ቦታዎች በቀጭኑ በተሰነጠቀ የዘንባባ ቅጠል አጥብቃ ታስራቸዋለች፤ በአሁኑ ጊዜ በቅጠሉ ፋንታ የፕላስቲክ ማሰሪያ የሚጠቀሙም በርካቶች ናቸው። ከዚያም ክሩ በሙሉ ወደ ቀለሙ ይገባል። ያልታሰረው ክፍል ቀለሙን ሲጠጣ የታሰረው እንደነበረ ይቀራል። ለሁለተኛው ቀለም ከእስሩ ከፊሉ ይፈታል፣ በሌላ ቦታ አዲስ እስር ይታሰራል፣ ክሩም እንደገና ይነከራል። ብዙ ቀለም ባለው ጨርቅ ላይ ይህ የመፍታትና የማሰር ሥራ ለወራት ይደጋገማል። በመጨረሻም እስሩ ሁሉ ተፈትቶ ክሮቹ በየተራቸው ሲደረደሩ ምስሉ ብቅ ይላል።

ቀለሙ በእስሩ ጠርዝ ሥር በጥቂቱ ስለሚሰርግና ክሮቹም በሽመና ጊዜ ከቦታቸው በመጠኑ ስለሚንሸራተቱ የኢካት ምስሎች ጠርዛቸው ጥርት ያለ አይደለም። በውኃ ላይ እንደሚታይ ጥላ ለስለስና ደብዘዝ ይላል። ይህ ደብዛዛነት የሥራው ጉድለት ሳይሆን ዋና መለያው ነው።

ልብ ሊባል የሚገባው ሌላው ጉዳይ ንድፉ እንደ ልማዱ በወረቀት ላይ የማይሰፍር መሆኑ ነው። የትኛው እስር በስንተኛው ክር ላይ እንደሚውል ባለሙያዋ የምታውቀው በቆጠራ፣ በእጇ ልምድና ከእናቷ ባየችው ነው። ቆጠራው ቢሳሳት ስሕተቱ በግልጽ የሚታየው ከብዙ ጊዜ በኋላ ክሩ ተፈትቶ ሲዘረጋ በመሆኑ የማረሚያው ጊዜ አልፏል። በመሆኑም የዚህ ጥበብ ሕልውና የተመሠረተው በሙዚየም መስኮት ውስጥ በተሰቀሉት ጨርቆች ላይ ሳይሆን ባለሙያዎቹ በሕይወት ሳሉ በሚያስተምሯቸው ልጆች ላይ ነው። ሰንሰለቱ ሲበጠስ ምን እንደሚከተል የካምቦዲያ ታሪክ ያሳያል።

ድር፣ ማግ እና ሁለቱም

ኢካት የሚታሰረው ክር የትኛው እንደሆነ ታይቶ በሦስት ይከፈላል። በመጀመሪያው ዓይነት የሚታሰረውና የሚነከረው ድሩ ብቻ ሲሆን ማጉ አንድ ቀለም ያለው ተራ ክር ነው። በኢንዶኔዥያ የሱምባ፣ የፍሎሬስና የቲሞር ደሴቶች፣ በቦርኔዮ እንዲሁም በደቡብ ፊሊፒንስ በብዛት የሚሠራው ይህኛው ነው። በሁለተኛው ዓይነት ደግሞ የሚታሰረው ማጉ ነው። በካምቦዲያ፣ በታይላንድና በላኦስ ከሐር የሚሠሩት ታዋቂ ጨርቆች ከዚህ ወገን ይመደባሉ። ሦስተኛው ድሩም ማጉም ለየብቻ ታስረው ከተነከሩ በኋላ በሽመናው ላይ አንዱ ከሌላው ጋር ልክ በልክ እንዲገጥም የሚደረግበት ድርብ ኢካት ነው።

ድርብ ኢካት እጅግ አስቸጋሪ በመሆኑ በዓለም ላይ ሥር የሰደደ ባህል ሆኖ የሚታወቀው በሕንድ፣ በጃፓንና በኢንዶኔዥያ ብቻ ነው። በሕንድ ጉጃራት ውስጥ የሚሠራው ፓቶላ የተባለው የሐር ድርብ ኢካት ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት በባሕር ንግድ ወደ ደቡብ ምሥራቅ እስያ ይገባ ነበር። የኔዘርላንድስ የምሥራቅ ሕንድ ኩባንያም በ17ኛውና በ18ኛው ክፍለ ዘመን የቅመማ ቅመም ንግዱን ለማቀላጠፍ ፓቶላን ለየአካባቢው ገዥዎች በገጸ በረከትነት ያቀርብ ነበር። በብዙ ደሴቶች ላይ የሚታየው ባለ ስምንት ቅጠል የአበባ ንድፍ ከዚሁ ከፓቶላ የተወረሰ ነው። በአንዳንድ ስፍራዎች ይህን ንድፍ መልበስ ለመሳፍንቱ ብቻ የተፈቀደ ነበር።

የደሴቶቹ ሴቶች የሚሸምኑበት ዕቃ በኢትዮጵያ ከሚታወቀው ፈጽሞ የተለየ ነው። ሸማኔዋ እግሯን ዘርግታ መሬት ላይ ትቀመጣለች። የድሩ አንደኛው ጫፍ ከቤቱ ምሰሶ ወይም ከሌላ ጽኑ ነገር ጋር ይታሰራል፤ ሌላው ጫፍ በወገቧ ዙሪያ ከሚያልፍ ሰፊ ማቀፊያ ጋር ይያያዛል። ወደ ኋላ ስትለጠጥ ድሩ ይወጠራል፣ ወደ ፊት ስታዘነብል ይላላል። ማጉን አሳልፋ በጠፍጣፋ እንጨት እየመታች ታጠብቀዋለች። የሽመናው ዕቃ ግማሽ አካል ራሷ ሸማኔዋ ናት ቢባል ማጋነን አይሆንም። የጨርቁም ስፋት እጇ ግራና ቀኝ ከሚደርስበት አያልፍም፤ ሰፊ ልብስ ሲፈለግ ሁለት ቁራጭ ጎን ለጎን ይሰፋል። በኢትዮጵያ መፍተል የሴቶች፣ መሸመን ደግሞ በአብዛኛው የወንዶች ሙያ ሲሆን በእነዚህ ደሴቶች ግን መፍተሉም፣ ማሰሩም፣ መንከሩም፣ መሸመኑም የሴቶች ሥራ ነው።

ሕመምን የሚከላከለው ጨርቅ

በባሊ ደሴት ምሥራቃዊ ክፍል በካራንጋሴም አውራጃ የምትገኘው የቴንጋናን መንደር በኢንዶኔዥያ ድርብ ኢካት የሚሠራባት ስፍራ በመሆን ትታወቃለች። ጨርቁ ገሪንግሲንግ ይባላል። "ገሪንግ" ሕመም፣ "ሲንግ" ደግሞ አይደለም ወይም የለም ማለት በመሆኑ ስሙ ራሱ ጨርቁ ባለቤቱን ከበሽታና ከክፉ ነገር ይጠብቃል ከሚለው እምነት ጋር የተያያዘ ነው። የመንደሩ ነዋሪዎች በሠርግ፣ በጥርስ ማስተካከል ሥርዓትና በሃይማኖታዊ በዓላት ይለብሱታል።

ገሪንግሲንግ የሚሠራው ከጥጥ ፈትል ነው። ፈትሉ በመጀመሪያ ከሚሪ ከሚባል ዘይታማ ፍሬ በሚወጣ ዘይትና በእንጨት አመድ ውኃ ለብዙ ሳምንታት ይዘፈዘፋል። ዘይቱ ክሩን ለቀይ ቀለሙ ከማዘጋጀቱም በላይ ነጭ ሆኖ የሚቀረውን ክፍል ወደ ቢጫነት ያመጣዋል። ቀዩ ሞሪንዳ ከተባለ ዛፍ ሥር ይገኛል። ቀዩ ጠልቆ እንዲታይ ክሩ በተደጋጋሚ ይነከራል፤ በአንዱና በሌላው ንክር መካከልም ረጅም ጊዜ እንዲያርፍ ይደረጋል። ጥቁር ሰማያዊው ከኢንዲጎ ተክል የሚወጣ ሲሆን በቴንጋናን ውስጥ በኢንዲጎ መንከር በልማድ የተከለከለ ስለሆነ ክሩ ለዚሁ ሥራ ቡግቡግ ወደተባለች ሌላ መንደር ይወሰዳል። በዚህም ምክንያት አንድ ጨርቅ ተጀምሮ እስኪያልቅ ዓመታት ይወስዳል።

ሽመናው ራሱ ከማሰሩና ከመንከሩ ጋር ሲነጻጸር አጭር ነው፤ ሆኖም ከፍተኛ ትዕግሥት ይጠይቃል። ሸማኔዋ ጥቂት ማግ ባሳለፈች ቁጥር ሽመናውን አቁማ ክሮቹን በሹል ነገር እያነሣች የድሩ ቀይ በማጉ ቀይ ላይ፣ ጥቁሩም በጥቁሩ ላይ እንዲያርፍ ታስተካክላለች። ድሩ ዙሪያውን የተያያዘ ስለሆነ ከሽመና ዕቃው የሚወርደው ጨርቅ መጀመሪያና መጨረሻ የሌለው ክብ ነው። ለመልበስ የሚፈለገው ያልተሸመነው ክሩ ላይ ይቆረጣል። ለአምልኮ ሥርዓት የሚውለው ሳይቆረጥ የሚቀመጥበት ጊዜ አለ።

ሰማያዊው ምሥጢር

ከቴንጋናን በስተምሥራቅ በምትገኘው የሱምባ ደሴት የሚሠሩት ጨርቆች ስፋት ያላቸውና በምስል የተሞሉ ናቸው። ወንዶች የሚለብሱት ሂንጊ የተባለው ጨርቅ በጥንድ የሚሠራ ሲሆን አንዱ በወገብ ላይ ይታጠቃል፣ ሌላው በትከሻ ላይ ይጣላል። ፈረስ፣ አጋዘን፣ ዶሮ፣ አዞና እባብ ይሣሉበታል። የራስ ቅሎች የተንጠለጠሉበት ዛፍ የሚታይባቸውም አሉ፤ ይህም በቀድሞ ዘመን የተማረኩ ጠላቶች ጭንቅላት በመንደሩ አደባባይ ይሰቀልበት የነበረውን ዛፍ የሚያስታውስ ነው። የኔዘርላንድስ መንግሥት አንበሳ ሳይቀር ከሳንቲም ላይ ተገልብጦ የሱምባ ጨርቅ ጌጥ ሆኗል።

በሱምባ ጨርቅ ልብስ ብቻ አይደለም። በጋብቻ ጊዜ የሙሽራው ወገን ፈረስ፣ ጎሽና የብረት ጌጥ ሲሰጥ የሙሽራዋ ወገን በአጸፋው ጨርቅ ይሰጣል። ታላቅ ሰው ሲሞትም አስከሬኑ በበርካታ ጨርቆች ተጠቅልሎ ይቀበራል። አንዲት ሴት ዓመት የደከመችበት ሥራ ለዘለዓለም ከአፈር በታች ይገባል ማለት ነው። ይህ ለውጭ ተመልካች ብክነት ሊመስል ቢችልም ለሟቹ የሚሰጠውን ክብር የሚለካው ይኸው ወጪ በመሆኑ ለቤተሰቡ ግን ሊታለፍ የማይችል ግዴታ ነው።

የኢንዲጎ ቀለም አወጣጥ ለብቻው ሊነገር ይገባዋል። የተክሉ ቅጠል በውኃ ተዘፍዝፎ ሲብላላ ኖራ ይጨመርበታል። ክሩ ከማሰሮው ሲወጣ ሰማያዊ ሳይሆን አረንጓዴ መሳይ ነው፤ ነፋስ ሲነካው ግን በተመልካች ዓይን ፊት እየተለወጠ ሰማያዊ ይሆናል። ጥልቅ ሰማያዊ ለማግኘት ንክሩ ደጋግሞ መፈጸም አለበት። ሽታው ኃይለኛ ነው። የብላሎቱ ሂደት በሙቀቱ፣ በኖራው መጠንና በቅጠሉ ዕድሜ ስለሚለያይ ውጤቱን አስቀድሞ ማወቅ ለጀማሪ ከባድ ነው። በሱምባ ይህ ዕውቀት የተወሰኑ ሴቶች ምሥጢር ሆኖ ቆይቷል። ወንዶች ወደ መንከሪያው ስፍራ እንዳይቀርቡ ይከለከላሉ። ነፍሰ ጡር ሴትም ማሰሮውን እንዳታይ ትደረግ ነበር፤ የሚብላላውን ቀለም ማየት ፅንሱን ይጎዳል ተብሎ ይታመናልና።

ቀዩ ደግሞ ሌላ ችግር አለው። የሞሪንዳ ሥር ብቻውን ክሩን በሚገባ አያቀላውም። ቀለሙ በክሩ ላይ እንዲጸና የአሉሚኒየም ንጥረ ነገር ያስፈልጋል። የደሴቶቹ ሴቶች የዘመናዊ ኬሚስትሪ ትምህርት ሳይደርሳቸው ይህ ንጥረ ነገር በቅጠሉና በቅርፊቱ ውስጥ የሚከማችበትን ሲምፕሎኮስ የተባለ የዛፍ ዝርያ ለይተው በማወቅ ሲጠቀሙበት ኖረዋል።

የሴቶች ዘመቻ

በማሌዥያ የሳራዋክ ግዛት በቦርኔዮ ደሴት የሚኖሩት የኢባን ሕዝቦች ፑዋ ኩምቡ የተባለ ትልቅ የድር ኢካት ጨርቅ አላቸው። ፑዋ ለልደት፣ ለፈውስና ለቀብር ሥርዓት የሚዘረጋ ሲሆን በጥንት ዘመን ተዋጊዎች ከዘመቻ ይዘው የሚመለሱት የጠላት ራስ የሚታቀፈውም በዚሁ ጨርቅ ነበር። ክሩን ለቀይ ቀለም የሚያዘጋጀው "ንጋር" የተሰኘው ሥርዓት "የሴቶች ጦርነት" ተብሎ ይጠራል። ወንዱ በጦር ሜዳ የሚያገኘውን ክብር ሴቲቱ በዚህ ሥራ ታገኛለች። የመድኃኒቶቹን ምጥን አውቃ ንጋርን የምትመራ ሴት በማኅበረሰቡ ውስጥ ከፍ ያለ ስፍራ አላት።

ኢባኖች ታላላቅ ንድፎች ለሸማኔዋ የሚሰጡት በሕልም ነው ብለው ያምናሉ። ተመሳሳይ እምነት በደቡብ ፊሊፒንስ በሚንዳናዎ ደሴት በሴቡ ሐይቅ አካባቢ በሚኖሩት ትቦሊዎች ዘንድም ይገኛል። ትቦሊዎች ትናላክ የሚባለውን ጨርቅ የሚሠሩት ከጥጥ ወይም ከሐር ሳይሆን አባካ ከተባለ ተክል በሚወጣ ቃጫ ነው። አባካ የሙዝ ዝርያ ሲሆን በኢትዮጵያ ደቡባዊ አካባቢዎች ከሚታወቀው እንሰት ጋርም በአንድ የዕፅዋት ቤተሰብ ይመደባል። ከግንዱ የሚፋቀው ቃጫ ተለይቶ በእጅ ጫፍ ለጫፍ እየተቋጠረ ረጅም ክር ይሆናል። ንድፉን ለሴቶቹ በሕልም የሚያሳየው ፉ ዳሉ የተባለው የአባካ መንፈስ እንደሆነ ይነገራል።

የሕልሙ ነገር ለቱሪስቶች ማስታወቂያ ተብሎ የተፈጠረ መስሎ ሊታይ ይችላል። ነገር ግን በባለሙያዎቹ መካከል ተግባራዊ ሚና ነበረው። ንድፉ የሕልሙ ባለቤት ሀብት ስለሆነ ሌላዋ ያለ ፈቃድ እንዳትወስደው ያደርጋል፤ ከባዱን ንድፍ ደግሞ ያልበሰለች ጀማሪ እንዳትደፍረው ይከላከላል። ላንግ ዱላይ የተባሉት የትቦሊ ሸማኔ ወደ 100 የሚጠጉ ንድፎችን በቃላቸው ይዘው ይሠሩ የነበሩ ሲሆን የፊሊፒንስ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1998 የብሔራዊ ሕያው ቅርስነት ማዕረግ ሰጥቷቸዋል። እኚህ አዛውንት እ.ኤ.አ. በ2015 አርፈዋል።

የገበያው ፈተና

በፋብሪካ የተፈተለ ክርና ሰው ሠራሽ ቀለም ወደ አካባቢው ከገባ ከመቶ ዓመት በላይ ሆኖታል። በሥር፣ በቅጠልና በቅርፊት ወራት የሚፈጀው ንክር በኬሚካል ቀለም በቀናት ያልቃል። ይህን ለውጥ በጥፋት ብቻ መፈረጅ ሚዛናዊ አይሆንም፤ ብዙ ሴቶች ልጆቻቸውን ያስተማሩት በፍጥነት ሠርተው በሸጡት ጨርቅ ነው። ጥበቡን ይበልጥ የጎዳው የኢካትን መልክ በማሽን እያተመ በርካሽ የሚሸጠው ጨርቅ ነው። ዓመታት የፈጀው ሥራና በደቂቃዎች የታተመው ቅጂ በአንድ ሱቅ ጎን ለጎን ሲሰቀሉ ልዩነቱን የማያውቅ ገዢ ርካሹን ይመርጣል።

ልዩነቱን ለመለየት ግን ጨርቁን ገልብጦ ማየት አብዛኛውን ጊዜ በቂ ነው። ክሩ ራሱ ውስጥ ድረስ የተነከረ በመሆኑ የእውነተኛ ኢካት ምስል በፊቱም በጀርባውም ይታያል። የታተመው ጨርቅ ጀርባው ብዙውን ጊዜ የደበዘዘ ወይም ነጭ ነው። እንዲሁም ከጫፉ አንድ ክር ሲመዘዝ በራሱ በክሩ ርዝመት ላይ ቀለሙ እየተፈራረቀ ከታየ ክሩ ከሽመናው በፊት መታሰሩን ያመለክታል። ኢካትን ከባቲክ ጋር ማምታታትም የተለመደ ነው። ባቲክ የሚሠራው ተሸምኖ ባለቀ ጨርቅ ላይ የቀለጠ ሰም በማፍሰስና በመንከር ሲሆን የኢንዶኔዥያ ባቲክ እ.ኤ.አ. በ2009 በተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት (ዩኔስኮ) የማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ ሰፍሯል።

ካምቦዲያ፡ የተበጠሰውን መቀጠል

ካምቦዲያ ሆል የተባለው የሐር ማግ ኢካት አገር ናት። ቀይ፣ ቢጫና ሰማያዊ ቀለም አንዱ በሌላው ላይ እየተነከረ አረንጓዴውና ሌላውም ይገኛል። ቀዩ ላክ ከተባሉ ጥቃቅን ነፍሳት፣ ቢጫው ከዛፍ ቅርፊት፣ ሰማያዊው ከኢንዲጎ ይወጣል። ፒዳን የሚባሉት ቤተ መቅደስና ዛፍ፣ መርከብና እንስሳት የተሣሉባቸው ጨርቆች ደግሞ በቡድሃ ቤተ መቅደሶች ውስጥ ይሰቀላሉ። ሐሩም የአገሩ ነው። የካምቦዲያ የሐር ትል የምታደራው ጎጆ ወርቃማ ቢጫ ሲሆን ከነጩ ሐር ያነሰ ክር ቢሰጥም ለስላሳነቱና አንጸባራቂነቱ የተመሰከረለት ነው።

የርስ በርስ ጦርነቱና እ.ኤ.አ. ከ1975 እስከ 1979 በሥልጣን ላይ የነበረው የክሜር ሩዥ አገዛዝ ይህን ሁሉ አናጋው። ሕዝቡ ከከተማና ከቀዬው እየተፈናቀለ ወደ ግዳጅ እርሻ ተሰማራ፤ ሁሉም ጥቁር ልብስ እንዲለብስ ተደረገ። የሐር ትል የሚመገበው የማልበሪ ተክል ማሳ ጠፋ። በግድያ፣ በረሃብና በበሽታ ካለቁት ከ1.5 እስከ 2 ሚሊዮን የሚገመቱ ሰዎች መካከል ዕውቀቱን በጣታቸው የያዙ ሴቶች ነበሩበት። የተረፉትም ለዓመታት ክር ሳያስሩ ኖሩ።

ጃፓናዊው ኪኩዎ ሞሪሞቶ ወደዚህ ሥራ የገቡት በዚህ ሁኔታ ውስጥ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1948 የተወለዱት ሞሪሞቶ በኪዮቶ የኪሞኖ ጨርቅ ቀለም ቀቢ የነበሩ ሲሆን ከካምቦዲያ ጨርቆች ጋር የተዋወቁት በ1980ዎቹ በታይላንድ የስደተኞች ካምፖች በሠሩበት ወቅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 በዩኔስኮ ጥያቄ የካምቦዲያን መንደሮች እየዞሩ የሐርና የሽመና ሥራውን ሁኔታ አጠኑ። ጥበቡ ጨርሶ ያልሞተ ቢሆንም የሚያውቁት ጥቂት አሮጊቶች ብቻ መሆናቸውን ተረዱ።

በማግሥቱ ዓመት የክሜር ባህላዊ ጨርቃ ጨርቅ ተቋምን በፕኖም ፔን መሠረቱ። ተቋሙ እ.ኤ.አ. በ2000 ወደ ሲየም ሪያፕ ተዛወረ። አሠራራቸው ቀላል ነበር። አሮጊቶቹን ፈልገው በማምጣት ከወጣት ሴቶች ጎን አስቀመጧቸው። ወጣቶቹም ከእነርሱ አጠገብ ሆነው ማሰርን፣ መንከርንና መሸመንን ተማሩ።

ሞሪሞቶ ብዙም ሳይቆዩ የተረዱት ሸማኔ ብቻውን በቂ አለመሆኑን ነው። ቀለም የሚሰጡት ዛፎች ተመንጥረዋል፣ የማልበሪው ማሳ የለም፣ ትሉም ጠፍቷል። ስለሆነም በ2000ዎቹ መጀመሪያ ከሲየም ሪያፕ ከተማ ወጣ ብሎ በሚገኝ ምድረ በዳ ላይ መሬት ገዝተው ማልበሪ፣ ኢንዲጎና ለቀለም የሚሆኑ ዛፎች እየተከሉ ከነቤተሰቦቻቸው የሚኖሩ ሸማኔዎች መንደር አቋቋሙ። በዚህ ሥራቸው እ.ኤ.አ. በ2004 የሮሌክስ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል። እ.ኤ.አ. በ2017 ካረፉም በኋላ መንደሩ ሥራውን ቀጥሏል።

ይሁን እንጂ ካምቦዲያ ውስጥ የሚሸመነው የሐር ክር ዛሬም በአብዛኛው ከቬትናምና ከቻይና የሚገባ ነው። ወርቃማውን የአገር ሐር የሚያረቡት መንደሮች ጥቂት ናቸው። ወጣት ሴቶችም በወር ቋሚ ደመወዝ ወደሚያስገኙት የልብስ ስፌት ፋብሪካዎች ይሄዳሉ። በሞሪሞቶ መንደር እናቶች በሽመና ዕቃው ላይ ሲሠሩ ልጆቻቸው ከአጠገባቸው እንዲውሉ የተደረገውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ የሆልን ቆጠራ ልጆቹ መማር የሚጀምሩት ገና ክር ማሰር ሳይፈቀድላቸው በማየት ነውና።